ወደ ውሃው መውረጃ

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከፋብሪካው ስወጣ ሰርቪሱን ትቼ በእግሬ ወደ ወንዙ ሄድኩ። ከጥር ወዲህ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም። ከድልድዩ በታች የነበረው የቆርቆሮ አጥር ተነሥቷል። ክረምቱ ሲወጣ ፓርኩ ይከፈታል ይላሉ። ሣር ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ መብራት ቆሟል። ዮሚፍ ዓሣ ያጠምድበት የነበረው ጭቃ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ውሃው የድንጋይ ደረጃ እየሠሩ ነው። ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ያምራል። «ዓሣ ማጥመጃ» የሚል ሰሌዳም ተክለውበታል።

ዘበኛውን፣ ዊልቸር ያለው ሰው በየት በኩል ይወርዳል አልኩት። ለእነሱ ላይኛው መናፈሻ አለላቸው፣ ከዚያ ሆነው ያያሉ አለኝ። ክፋት የለውም። ከሚጠጣው ሻይም ሊያካፍለኝ ነበር።

ልጄ ዮሚፍ ከባድ መኪና ከገጨው ጊዜ ጀምሮ በዊልቸር ነበር። ጥር ላይ ኩላሊቱን ታሞ ሞተብኝ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

እነዚህን መስመሮች ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። ጽሑፍ ላይ ዘገምተኛ ነኝ፤ የማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት። ግን የሚያንገበግበኝን ነገር ለሰው ስጀምር፣ ልታለቅስ ነው ብለው ወሬ ይቀይሩብኛል። ደብተር ወሬ አይቀይርም።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ሁለተኛ ፈረቃ። ክሩ ሲበጠስ ዋለ። ደረጃው ከዓይኔ አልጠፋም።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

የዮሚፍን ዕቃ ከአልጋው ሥር አወጣሁ። የሚሰጠው ይሰጥ ብዬ ነው። የቀርከሃ ዘንጉ፣ መንጠቆዎቹ፣ ትሉን የሚይዝበት ጣሳ። ዘንጉ ጫፍ ላይ አበባ ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ በጥንቃቄ ተሰፍቶ ታስሯል። ነፋሱን የሚያይበት ይሆናል።

በመጨረሻው ቀን ይዞት የሄደው ሃይላንድም እዚያው አለ፤ ክዳኑ እንደተገጠመ፣ እስከ አፉ ሙሉ። ጠዋት ጠዋት ውሃውን የምሞላለት እኔ ነበርኩ። ማታ ሙሉውን ይዞ ይመጣ ነበር። ወንዝ ዳር ስለሚቀዘቅዝ አይጠማም ይለኝ ነበር።

ዓሣ ግን አምጥቶልኝ አያውቅም። ያ ወንዝ የስንቱን ፋብሪካ እጣቢ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ የሚኖርበት አምባዛ ብቻ ነው፤ እሱም አይበላም። ዮሚፍ ይይዝና ይለቀዋል። የማይበላ ዓሣ ምን ያደርግልሃል ስለው፣ «እማ፣ ሰው ሁሉ ይገፋኛል፤ የሚጎትተኝ እሱ ብቻ ነው» ብሎ አሳቀኝ።

ምንም ሳልሰጥ ሁሉንም መልሼ ከአልጋው ሥር አስገባሁት።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ፊርዶስን ይዤ ወደ ፓርኩ ቢሮ ሄድኩ። ይዛኝ ሄደች ማለት ይሻላል።

ፊርዶስ የባለሱቁ የታጁ ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሮቿ አይሠሩም። በእጅ የሚዞር ባለሦስት ጎማ አላት፤ አስፋልቱ ላይ ከባጃጅ ጋር ትሽቀዳደማለች። በአባቷ ሱቅ በር ላይ ልብስ ትሰፋለች። ከዮሚፍ ጋር ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በለቅሶው ሰሞን በየቀኑ ድንኳኑ በር ላይ አይቻታለሁ፤ ያን ጊዜ የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ አልጠየቅኩም። ስለ ደረጃው ስነግራት አላስጨረሰችኝም፤ መቼ እንሂድ አለችኝ።

የፓርኩ ኃላፊ ሙሉአለም ትባላለች። ጥሩ ሴት ናት፤ ተነሥታ ወንበር ሳበችልኝ። የፊርዶስ ባለሦስት ጎማ በበሩ ስለማይገባ ፊርዶስ ውጪ ሆና በመስኮት ነው የተነጋገረችው። ሙሉአለም ደረጃው በዕቅዱ ላይ ያለ መሆኑን፣ ግንበኞቹም ሰኔ ሲያልቅ ሌላ ሥራ እንዳላቸው ነገረችን። ላይኛው መናፈሻ ለአካል ጉዳተኞች ታስቦ የተሠራ ነው፣ ሽንት ቤቱም በሩ ሰፊ ነው፣ ከዚያ ወንዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል አለች።

ፊርዶስ በመስኮቱ፣ «እሺ፣ የመንጠቆው ክር ግን ከዚያ ይደርሳል?» አለቻት።

ሙሉአለም ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠች። አስብበታለሁ አለችን።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ደበላ ሦስት የእድራችንን ሰዎች አስከትለው ቤቴ መጡ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ፓርኩ ያለበትን መሬት ድሮ አባታቸው ያርሱት ነበር። ዮሚፍን በሕይወት ሳለ ወደ ወንዙ ተሸክመው የሚያወርዱት፣ ጥር ላይም ሬሳውን የተሸከሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ስለ ደረጃው ሰምተዋል። «ምን አሳሰበሽ?» አሉኝ ጋሽ ደበላ። «እኛ እያለን ማን ይቀራል? ማጥመድ ያማረው ይጥራን፤ ከነወንበሩ አንሥተን እናወርደዋለን፤ አንሥተን እናወጣዋለን። ለዮሚፍ ያደረግነውን ለሁሉም እናደርጋለን።» ለሙሉአለም ቀድመው ነግረዋት ኖሮ ደስ ብሏት ለበላዮቿ አስተላልፋለች።

ተነሥቼ እጃቸውን ሳምኩ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ዕድሜያችሁን ያርዝመው ብዬ መረቅኳቸው። ምሳ አበላኋቸው። ምን ልበል? ከወጡ በኋላ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ፊርዶስ ጋ ሄጄ ነገርኳት።

«አመሰገኗቸው?» አለችኝ።

አዎ አልኩ።

«መረቋቸው?»

አዎ።

የስፌት መኪናዋን በእጇ ማዞር ቀጠለች። «እንግዲያው አለቀ» አለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ለካ ደረጃውን የጨረስኩላቸው እኔ ነኝ። የሙሉአለም ጭንቀት ተነሣ፤ የእድሩ ሰዎች ምርቃት ተቀበሉ፤ ሁሉም ደስ ብሎታል። ምስጋና እንዴት ተብሎ ይነሣል? የበላችሁትን ምሳ መልሱ አይባል።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሰርቪስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ። ያቺ ልጇ የሞተባት ዓሣ ልታጠምድ ነው አሉ አለች አንዷ። ኀዘን ነው፣ ጭንቅላት ያዞራል አለች ሌላዋ። ዞሬ፣ ትል ካላችሁ አምጡልኝ አልኳቸው። 

ግንቦት 24፣ እሑድ

ዛሬውኑ ልጻፈው።

የእድሩ ሰዎች ቃል የገቡት ሸክም ሙከራ ዛሬ ነበር። አራት ሆነው ፊርዶስን ከነባለሦስት ጎማዋ አነሧት። እየተሳሳቁ ነው። አንዱ፣ ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽው አላት። እሷ አልሳቀችም። ደረጃው እስኪያልቅ ዓይኗን ጨፍና መያዣውን ጨብጣ ነበር። እኔም ተከትዬ ወረድኩ። ልጄ ያን ሁሉ ዓመት የተቀመጠበት ውሃ ዳር ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ሁልጊዜ ፈረቃ ነበረኝ።

ሰዎቹ ጥቂት ቆመው አዩ። ማጥመድ ግን መጠበቅ ነው፤ ቆሞ ለሚያይ ይሰለቻል። ያን ጊዜ ከላይ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። የቀብር ጥሪ ነው። ጋሽ ደበላ፣ ቀብር አድርሰን እንመጣለን፣ ከዚህ አትነቃነቁ ብለውን ሄዱ። ለቀልድ ያሉት አይደለም፤ ልብ ሳይሉት ነው።

ፀሐዩ በረታ። ውሃ ሞልቼ የያዝኩትን ሃይላንድ ከፍቼ ለፊርዶስ ሰጠኋት።

«አልጠጣም፣ እትዬ።»

«ከንፈርሽ ደርቋል እኮ።»

«እዚህ የሚወርድ ሰው ውሃ አይጠጣም። ብጠጣ ማን ያወጣኛል? የማንን አባት ጠርቼ ሽንቴ መጣ ልበል?» ክሩ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፈውን ቡሽ እያየች ነበር የምታወራው። «ዮሚፍም አይጠጣም ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ነው የሚተወው። ሲብስበት አፉን ያረጥባል።»

ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

አመሻሽ ላይ ዝናብ መጣ። ነጠላዬን በሁለታችን ላይ ዘረጋሁት። በዝናቡ መሐል ቡሹ ሰመጠና ዘንጓ ጎበጠ፤ አምባዛ ነው፣ ትልቅ፣ ጢማም። መንጠቆውን ከአፉ አውጥታ ለቀቀችው። ዮሚፍ፣ ዓሣው የሚመጣው ሲመሽ ነው፣ ሸካሚ የሚገኘው ግን በቀን ነው ይል እንደነበር ነገረችኝ።

ጋሽ ደበላ ከቀብር መልስ በሩጫ መጡ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በጣም አፍረዋል። ጥፋት የለባቸውም። ቀብር አይቀርም።

ዮሚፍ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ሐኪሙ፣ ልጅዎ ውሃ በደንብ ይጠጣል ወይ ብሎኝ ነበር። በሚገባ፣ ራሴ ነኝ የምሞላለት ብዬዋለሁ።

ሌላ አልጽፍም።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ለማንም አልናገርም። በተለይ ለጋሽ ደበላ። ወደው ነው የተሸከሙት። ይህን ቢሰሙ ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል።

መውረጃው ግን ይሠራል።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ዛሬ ዓረፋ ነው። ፊርዶስ ካልመጡ ብላ ላከችብኝ። ምን እንደምበላ እየጨነቀኝ ሄድኩ፤ የሙስሊም ሥጋ አልበላም፣ በበዓል ቀን አልበላም ብሎ መቀመጥም ነውር ነው።

የታጁ ቤት ደጃፍ ላይ የሲሚንቶ መወጣጫ አለ። ፊርዶስ ከነጎማዋ ገፍታ ትገባለች፤ ዞር ብሎ የሚያያት እንኳ የለም። የእኛ ደጃፍ ደረጃ ነው። ዮሚፍን የማነሣው እኔ ነበርኩ። ደስ እያለኝ ነበር የማነሣው።

እናቷ ኡሙልኸይር የተጠበሰ ዓሣ አቀረበችልኝ፤ ከባቱ የመጣ ነው። ዓሣ በማን ቢላዋ ታረደ አይባልም፣ እርስዎም እኛም እንበላዋለን አለችኝ። ሃምሳው ስላላለቀ ዓርብ ቢሆንም ፆም የለም። ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን።

ታጁ፣ «የተቀመጡት የዮሚፍ ቦታ ላይ ነው» አለኝ።

ዮሚፍ እዚህ ይበላ ነበር እንዴ አልኩ።

ሁሉም ወደ ፊርዶስ አየ። ፊርዶስ ትሪውን አየች። ኡሙልኸይር ቀስ ብላ፣ በየበዓሉ ይመጣ ነበር፣ ዓሣ መሥራት የጀመርነውም ለእሱ ብለን ነው አለች። ከዚያ አጥንቱን እየለቀመች ዓሣውን ወደ እኔ በኩል ማድረግ ቀጠለች።

ለእኔ፣ በበዓል ቀን ጓደኞቼ ጋ ነው የምውለው ይለኝ ነበር። ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን አስተኩሶኝ።

የፊርዶስ የስፌት መኪና የለበሰው ጨርቅ ሰማያዊ ነው፤ አበባ አለበት። እንደዚያ ያለ ጨርቅ ገበያ ላይ ሞልቷል።

ቤት ስገባ ዘንጉን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ግድግዳው ላይ አቆምኩት።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

የሐዋርያት ፆም ገባ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሳልተኛ ሙሉአለም ቢሮ ሄድኩ። ሸክሙ አልሆነም አልኳት። የዚያን ቀኑን ከዘበኛው ሰምታለች፤ አዝናለች። ግን እድሩ ራሱ ቃል ገብቷል፣ እኔም ለበላይ አሳውቄያለሁ፣ እድሩ ቃሉን ካላነሣ ምን ብዬ ጉዳዩን እንደገና እከፍተዋለሁ አለችኝ። እውነቷን ነው።

መሐንዲሱ ጂራታ ተከትሎኝ ወጣ። ወጣት ነው፣ ማዘር ይለኛል። ከደረጃው ወረድ ብሎ የቁፋሮ አፈር የተደፋበት ቦታ አሳየኝ። «ማዘር፣ ይኼ አፈር ቢነሣ ቀስ እያለ የሚወርድ መንገድ ይወጣዋል። ሰው ግን የለኝም። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞላ ማለት ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ፓርኩ ተመርቆ ይከፈታል። የተከፈተ ነገር ተመልሶ የሚቆፍር የለም።»

ስለዚህ ነገሩ አንድ ብቻ ነው። እድሩ ፊት ቆሜ ሸክሙ ይቅር ማለት አለብኝ፤ ለምን እንደሆነ ሳልናገር።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

የምለውን እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። ከየትም ብጀምር ዞሮ ውሃው ላይ ይደርስብኛል።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ከእድር ስብሰባ መመለሴ ነው።

ሴት መናገር አይከለከልም፤ ግን የምንቀመጠው ከኋላ ነው። ዛሬ ወደ ፊት ሄድኩ። ስላደረጋችሁልን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሸክሙ ግን ይቅር አልኩ። ማጉረምረም ተጀመረ። አንዱ፣ ያበላችንን ምሳ ልታስመልሰን ነው አለ። ጋሽ ደበላ ፊታቸው ጠቆረ።

«የኛ ጫንቃ ምን አደረገሽ፣ አሰፋች? ልጅሽን አንድ ቀን ጥለነው እናውቃለን?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እኚህን ሰው ጥር ላይ ቃሬዛውን እንደተሸከሙ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ።

«ጥላችሁት አታውቁም» አልኩ። «የወረደውም የወጣውም በእናንተ ነው። የመጨረሻውንም ወስዳችሁልኛል። እስክሞት አልረሳውም። አሁን ግን በሕይወት ያለ ሰው አትሸከሙልኝ። ድንጋይ ተሸከሙልኝ።»

ከመሐል አንድ ሰው፣ ድንጋይ ይሻላል፣ ቢያንስ እንደ ፊርዶስ አያኮርፍም አለ። ሳቁ። ጋሽ ደበላ ብቻ አልሳቁም። ቆይተው፣ የት ነው ያልሽው አሉኝ። አፈር የተደፋበትን ቦታ ነገርኳቸው።

«እሱማ የአባቴ ከብቶች ውሃ የሚወርዱበት ነው» አሉ። ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነው የሚመስለው። ከአፈሩ ሥር አለት እንዳለው፣ በክረምት እንኳ እንደማያንሸራትት፣ ልጅ ሆነው ከብቱን በዚያ ይነዱ እንደነበር ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ አስታወሱት። ከዚያ ጸሐፊውን፣ ሸክሙ ቀርቷል፣ እድሩ መውረጃውን ይሠራል ብለህ ጻፍ አሉት።

ስንወጣ አጠገቤ ቆሙ። «ያልነገርሽኝ ነገር አለ» አሉኝ።

«የለም፣ ጋሼ።»

ያመኑኝ አይመስለኝም።

ሰኔ 15፣ እሑድ

እድርተኛው በሙሉ ወጣ። የቀረ እንደ ቀብር ይቀጣል ተብሎ ነበር። አካፋ፣ ዶማ፣ የሲሚንቶ ከረጢት። ወገቤ የኔ አይመስለኝም። ከድልድዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ረዳት አንገቱን አውጥቶ፣ ወንዙን ልትሰርቁት ነው ወይ ብሎ ጮኸ። ጋሽ ደበላ፣ ለአንተም እናስተርፍልሃለን አሉት።

ከሰዓት አለቱ ወጣ። ከብት የረገጠው ልሙጥ ቦታ አሁንም አለበት።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ዘነበ። የደለደልነው አፈር ግማሹ ወንዝ ገብቷል። ሙሉአለም ደውላ ነገረችኝ፤ ያለቀሰች ትመስላለች። እሷን ሳጽናና ሰርቪስ አመለጠኝ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ጂራታ ዳርና ዳሩ ድንጋይ ይደርደርበት አለ። ከሥራ የወጣው ሁሉ እየመጣ ደረደረ። ነገ ሲሚንቶ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ዛሬ ስለ ዳሩ ተጨቃጨቁ። ሙሉአለም፣ ሰው እንዳይወድቅ ወገብ የሚደርስ ግንብ ይሁን አለች።

«የማን ወገብ?» አለች ፊርዶስ።

ሙሉአለም ራሷ ወንበር አስመጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ እውነትም ምንም አይታየኝም አለች። ጎማ የሚይዝ አጭር የሲሚንቶ ጠርዝ፣ ከሱ በላይ አንድ ብረት፣ በመሐል ዘንግ የሚያልፍበት ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። ፊርዶስ ክንዷን ዘረጋች፤ ጂራታ በኖራ ምልክት አደረገበት።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ደርቋል። ሄጄ በእጄ ዳበስኩት።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ወንዙ ቡናማ ሆኗል፤ ከፍ ብሏል፤ ዳሩን ግን አልነካም። ፓርኩ ገና አልተከፈተም፤ ሙሉአለም ለዛሬ ብቻ ፈቀደችልን።

ዘንጉን ለፊርዶስ ይዤላት ሄድኩ። ጨርቁን ነካችው። «አንቺ ነሽ የሰፋሽው» አልኳት። አዎ አለች።  እንባዋን የጠረግኩላት በነጠላዬ ጫፍ ነው፤ እሷም የኔን።

ሃይላንዱን ሞልቼ ሰጠኋት። ከላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የእድሩ ሰዎችም ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፊርዶስ እጀታውን እየያዘች፣ እየለቀቀች፣ ቀስ ብላ ብቻዋን ወረደች። ጋሽ ደበላ ሁለት ጊዜ ሊነሡ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እጃቸው ሥራ አጥቶ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

ጎማዋ ጠርዙን ነክቶ ቆመ። ዘንጉን አወጣች። ትል አደረገች። ክሩን ወረወረች። ከዚያ ሃይላንዱን ከፍታ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠጣች። ቆየት ብላ ደግማ ጠጣች።

ዓሣው አልመጣም። ማንም የቸኮለ የለም።

ትንሽ ቆይታ ዘንጉን ብረቱ ላይ አስደገፈችና ዞረች። መንገዱን እያሽከረከረች ወጣች፤ በፊታችን አልፋ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች፤ ተመልሳ ወረደች። ማንንም አልጠራችም፤ ወዴት ነሽ ያላትም የለም። ጋሽ ደበላ ስትሄድ አዩዋት፤ ስትመለስም አዩዋት። ያስቀመጠችውን ሃይላንድ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ብዙ አዩኝ።  እጃቸውን ያዝኳቸው፤ እስኪመሽ አልለቀቅኳቸውም።

ሲመሽ አምባዛው መጣ። ፊርዶስ ያዘችው፤ ከፍ አድርጋ አሳየችን፤ ለቀቀችው።

ወጥታ ሃይላንዱን መለሰችልኝ። ባዶ ነበር።